ጎጃም ውስጥ «ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ» ምን አለ? ሦስተኛው ሣጥን ባዶ ሆነብኝ

መንቆረር (ክሩን የከፈተ) • ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 2:15

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቱሪዝም አስተምራለሁ። የሰሞኑ ርዕሳችን የመስህብ ዓይነቶች ነው። ሞጁሉ የያዘው አከፋፈል እንግሊዛዊው ጆን ስዋርብሩክ ያወጣውን ነው፤ አራት ሣጥን አለው። አንደኛው ተፈጥሮ ያበጀችው። ሁለተኛው ሰው ለሌላ ጉዳይ ሠርቶት በኋላ ጎብኚ የለመደው። ሦስተኛው ከመሠረቱ ጎብኚ ይምጣበት ተብሎ የተሠራ። አራተኛው ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ በዓልና ዝግጅት።

አንደኛው ላይ ልጆቹ ተሻሙ፦ ጣና፣ ጢስ ዓባይ፣ ጮቄ፣ ዘንገና። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው፦ መርጡለ ማርያም፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ እዚሁ ደጃችን ያለው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የዓላታ ድልድይ። አራተኛውን ነገ እንመለስበታለን ብዬ ዘለልኩት፤ ሞልቶ ስለሚፈስ ጊዜ አይበቃም።

ሦስተኛው ላይ ክፍሉ ጭጭ አለ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ «ዲዝኒላንድ» አለች። ተሳሳትሽ አልላት፤ ሞጁሉም የሚጠቅሰው እሱኑ ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተ። ግን ይህች ልጅ ከጎዛምን ርቃ አታውቅም። ፈተና ላይ ዲዝኒላንድ ብላ ታልፋለች፣ ከዚያ እዚሁ አገሯ ላይ አስጎብኚ ትሆናለች። እኔን ከነከነኝ።

እስቲ ለሦስተኛው ሣጥን የጎጃም ምሳሌ አምጡልኝ። አንድነት ፓርክ እንዳትሉኝ፤ እሱ የሸዋ ነው።


አዲስ ተማሪ • ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 2:40

የባሕር ዳር ስታዲየም! ሙሉዓለም የባህል ማዕከልም አለ። ሁለቱም ለተመልካች የተሠሩ ናቸው።


መንቆረር • ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 2:58

ጎበዝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ባሕር ዳር ከነማን ለማየት ከቀበሌ 14 በእግሩ የመጣው ሰው ጎብኚ ነው? ቱሪስት የሚባለው ከሚኖርበት አካባቢ ወጥቶ የሄደ ሰው ነው። መስህብ ግን የአካባቢውንም ሰው ይቀበላል። እንዲያውም በየአገሩ ቢታይ በየሙዚየሙና በየመናፈሻው የሚገባው ብዙው ሰው የዚያው አገር ሰው ነው። ስለዚህ ልቀበልህ እችላለሁ። ሙሉዓለም ይግባ። ስታዲየሙም በግማሽ ልብ ይግባ። የሰማዕታት ሐውልቱንም እኔ ልጨምር፤ መታሰቢያም ቢሆን ሰው እንዲመጣበት ታስቦ ነው የተሠራው።

ሦስት አገኘን። ሦስቱም ባሕር ዳር። ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ የት ገቡ?


የጣና ጀልባ • ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3:30

መምህር፣ ሣጥኑ ላይ አልከራከርዎትም፤ ግን አንደኛው ሣጥንዎ ራሱ ቀዳዳ አለው። ጢስ ዓባይ «ተፈጥሮ ያበጀችው» ነው ብለው ጽፈዋል። እኔ እዚያ መንገድ ላይ ሰው ሳመላልስ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ፏፏቴው ማብሪያ ማጥፊያ አለው።

የመጀመሪያው የመብራት ማመንጫ በ1956 ተተከለ። ትንሽ ስለነበር ብዙም አልጎዳንም። ከዚያ በ1988 ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጨራጨራ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ1993 ሁለተኛው ማመንጫ መጣ፤ 73 ሜጋ ዋት። ውኃው በቦይ ወደ ማመንጫው ዞረ፣ ገደሉ ባዶውን ቀረ። ፖስት ካርድ ላይ 400 ሜትር የሚሰፋ ጢስ አይቶ የመጣ ፈረንጅ፣ ሁለት ቀጭን ክር ሲያይ እኔን ነው የሚቆጣኝ! በ2002 የበለስ ሲከፈት፣ እሱ 460 ሜጋ ዋት ነው፣ ውኃውን ከጣና በዋሻ ስለሚወስድ የጢስ ዓባዮቹ ማመንጫዎች እንደ ድሮው አይጠጡም። ፏፏቴውም ትንሽ ነፍስ ዘራ።

እንግዲህ ይህ ተፈጥሮ ነው ወይስ መሥሪያ ቤት?

ለማንኛውም ለሚመጣ ሰው፦ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት። ሚያዝያ ላይ ጢስ ዓባይ ውሰደኝ የሚለኝን ሰው ዜጌ እወስደዋለሁ።


ዲያቆን ከዲማ • ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 12:50

መምህር፣ በትሕትና አንድ ነገር ልበል። «መስህብ» የሚለው ቃል ከግእዙ ሰሐበ የመጣ ነው፤ ጎተተ፣ ሳበ ማለት። ዲማ ጊዮርጊስ ማንን ጎተተ? ዲማ ለዘመናት ቅኔና መጻሕፍት የተማሩበት ጉባኤ ቤት ነው። ተማሪው ቆሎውን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ ራሱ ፈልጎ ይመጣል። ከዘንገና ሐይቅና ከስታዲየም ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ሲቀመጥ ቅር ይላል።

አንድ ጊዜ እንግዶች ይዞ የመጣ አስጎብኚ የኔታን «ልጆቹ እንደ ተለመደው ትንሽ ቅኔ ይዝረፉልን» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታ ዝም ብለው አዩት። ዝምታው ከዚያ ወዲያ ተርጓሚ አላስፈለገውም።


መንቆረር • ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1:35

ዲያቆን፣ ተግሣጽዎን ተቀብያለሁ። የሁለተኛው ሣጥን ቁም ነገሩም እሱ ነው፦ ቦታው የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ስለሆነ ባለቤቱ ለጎብኚው «አይሆንም» የማለት መብት አለው። ዲዝኒላንድ አይሆንም ማለት አይችልም፤ ትኬት ሸጧል። ጣና ላይ ያለው የደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ይችላል። የእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም ያረፈበት ነው፤ ሴት አይገባም፣ ወንዱም ደንቡን አክብሮ ነው የሚገባው። ጎብኚ ቀረ ብሎ የሚከስር ድርጅት አይደለም። ልጆቹን ይህን ነው የማስተምራቸው፦ ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ እኛ እንግዳ ነን።


ቀልደኛው ከቡሬ • ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 2:10

ሣጥን ሣጥን አላችሁን። ጮቄ ላይ ዋተር ፓርክ ሥሩልን በቃ 😂


የጣና ጀልባ • ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 2:14

4,000 ሜትር ላይ ዋተር ፓርክ? የሚንሸራተተው በረዶ ሆኖ ነው የሚወርደው።


ስደተኛዋ • ኅዳር 9፣ ከቀኑ 8:20

እኔ ደግሞ ከጎብኚው ወገን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ሁለት ልጆቼን ይዤ መጣሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዴት ነው፤ እነሱ ግን እዚህ ውጭ አገር ነው የተወለዱት፤ 9 እና 12 ዓመታቸው ነበር። ሦስተኛው ገዳም ላይ ስንደርስ ትንሹ «እማዬ፣ ይሄም ቤተ ክርስቲያን ነው?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ልጅ ነው፣ ምን ላድርገው? ሥዕሉ ላይ ያለውን ታሪክ የሚያወራለት ሰው የለም። አስጎብኚው ዓመተ ምሕረት ነው የሚቆጥረው።

ልጆቼ እስከ ዛሬ የሚያነሱት ምን መሰላችሁ? ጉማሬው ከውኃው ብቅ ሲል። ደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጠው ዳሩን ሲቀዝፉ። ባጃጅ! (ባጃጅን በየትኛው ሣጥን እንደምትከቱት አላውቅም።)

ያስከፋኝን ልናገር፣ ስም አልጠራም። አንድ ቦታ መግቢያ ከፈልን፤ መቶ እርምጃ ሳንሄድ ሌላ ሰው ሌላ ክፍያ ጠየቀ፤ ከዚያ ካሜራ፤ ከዚያ «የግድ የምትይዙት» አስጎብኚ። ገንዘቡ አይደለም የከነከነኝ። አንድ ላይ ደምረው ቢያስከፍሉኝ በደስታ እከፍል ነበር። በየመቶ እርምጃው ቦርሳ ስትከፍቺ ግን ያየሽውን ሁሉ ትረሺዋለሽ።

ማታ ደግሞ ያረፍንበት ሆቴል ድምፅ ማጉያ ከፍቶ የአዲስ አበባ ዘፈን አስጮኸብን። አዲስ አበባንማ ትቼ ነው የመጣሁት።

አንድ ማታ ብቻ ዘመዶቻችን አዝማሪ ቤት ወሰዱን። ትልቁ ልጄ እስክስታ ውረድ ቢሉት አፍሮ እንደ ግንድ ቆመ። አዝማሪው ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ፦

አሜሪካን አገር በረዶ ነው አሉ፣
ትከሻው ቀዝቅዞ ልጁን ምን ይበሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተረጎምኩለት፤ ያን ጊዜ ትከሻውን ነቀነቀ። ከጉዞው ሁሉ ያቺ ማታ ትበልጥብኛለች።


የማሲንቆ ቤት • ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1:05

እትዬ ስደተኛዋ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እኔ የዚህ ሙያ ሰው ነኝ። መምህር፣ እኛ በየትኛው ሣጥን ነን? ቤታችን ከመነሻው ለመዝናኛ የተከፈተ ነው፤ ለጎብኚ ግን አይደለም፤ ለመንደሩ ሰው ነው።

ሥራችን እንዴት እንደሚሄድ ለማያውቅ፦ አዝማሪው ብቻውን አይዘፍንም። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ያንተን ስም፣ የመጣህበትን አገር፣ አብራህ ያለችውን፣ የጫማህን አቧራ ሳይቀር አይቶ ይገጥምብሃል። ሲጥምህ ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። ስለዚህ ተመልካቹ ግማሹ ዘፋኝ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሲመጣ ያ ግማሽ ይጎድላል። ዓባይ ብለን ስንገጥም ወንዙንም ዋሾውንም ማለታችን ነው፤ አስተርጓሚው «ሪቨር» ብሎት ቁጭ ይላል። ወርቁ ቀለጠ ማለት ነው።

የቱሪስት መኪና የሚያመጣ ሰው አንድ ጊዜ ምን አለኝ? «ግጥሙን ተውና አርባ ደቂቃ እስክስታ አሳይልኝ፤ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ትግራይ፣ ኦሮሞ፣ ጉራጌ፣ በየሰባት ደቂቃው ልብስ እየቀየራችሁ።» አደረግነው። ገንዘቡ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን እኛ ራሳችን አልሳቅንም።


መንቆረር • ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2:45

የማሲንቆ ቤት፣ ጥያቄህ ቀኑን ሙሉ ያሳሰበኝን ነገር ፈታልኝ።

ለካ ሁለት ነገር ቀላቅዬ ኖሯል። አንዱ ሰውን ከቤቱ አስነሥቶ የሚያመጣው ነው። ሌላው መጥቶ ሳለ ይዞ የሚያሳድረው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ደጀንን ወጥቶ የሚመጣ ሰው ለማሲንቆ ብሎ አይመጣም፤ ለጣና ነው የሚመጣው። ግን ጣናን በግማሽ ቀን አይቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወደብ ይመለሳል። ከዚያስ? ሁለተኛ ሌሊት የሚያድረው የሚያስቀው ሰው ካገኘ ነው። ገንዘቡም ያለው እዚያ ነው፤ ከመግቢያ ትኬት ይልቅ ከአልጋው፣ ከእራቱ፣ ከጠጁ።

ሳቢ አለን፤ አሳዳሪ የለንም። ወይም አለን፣ አናውቀውም።

ስለ አርባ ደቂቃው እስክስታ ደግሞ ዲን ማካኔል የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 የጻፈው ነገር አለ። በእኛ አነጋገር ልበለው፦ እያንዳንዱ ቤት ሳሎንና ጓዳ አለው። ጎብኚው ሳሎን ሲቀመጥ የተዘጋጀለትን እያየ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ጓዳውን ማየት ይመኛል። ባለቤቱም ይህን ሲያውቅ ሐሰተኛ ጓዳ ይሠራለታል። እትዬ ስደተኛዋ የገባችው እውነተኛው ጓዳ ነው። በመኪና የመጡት የገቡት ጓዳ መሳይ ሳሎን።


ወለተ ዜጌ • ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3:20

ጓዳ ስትሉ ሳቄ መጣ። የእኔን ጓዳ ፈረንጅ ፎቶ አንሥቶታል።

ዜጌ ነው የምኖረው። መንደራችን ደን ነው፣ ደኑም ቡና ነው። እንደ ሌላው ጎጃም በሬ ጠምደን አናርስም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም የወረደ ቃል ነው ይባላል፣ ደኑም የተረፈው በእሱ ነው። ጀልባው ከባሕር ዳር ሰዓት ያህል ተጉዞ ይደርሳል። እንግዳው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሽቅብ ይወጣል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ባለ ጀልባው «ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል (ወንድሜ የጣና ጀልባ፣ አንተን አይደለም። አንተንም ነው)። እኔ መንገድ ዳር ጀበናዬን ጥጄ እያየሁት ያልፋል። ቡና ደን ውስጥ ገብቶ ቡና ሳይጠጣ ይሄዳል ስትባሉ ታምናላችሁ?

አንድ ቀን ሞተር ተበላሽቶባቸው አራት ሰዎች ሦስት ሰዓት እኔ ዘንድ ተቀመጡ። ቀይ ቡናውን ከዛፉ አሳየኋቸው፣ ቆላሁ፣ አንዷ ወቀጠች፣ እጇ ላይ ውኃ ቋጠረ፣ ሳቀች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሲሄዱ ትተውልኝ የሄዱትን ገንዘብ አልናገርም። መዝናኛ የሚባለው ይህ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ሕንፃ አይደለም። ሞተሩ ቢበላሽ ነው።


የጣና ጀልባ • ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3:31

እህቴ፣ ተመታሁ። ግን እኔንም ስሚኝ። ነዳጁን በጥቁር ገበያ የምገዛበት ጊዜ አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉ ፈረንጁን ያስፈራዋል። እምቦጩም አለ፤ ሞተሩ ውስጥ ከተጠመጠመ አለቀ። ደግሞ ጀልባ እንደ ጤፍ አይደለም፤ ዛሬ ያልሸጥሁትን ወንበር ነገ አልሸጠውም። ስለዚህ በቀን ሁለት ዙር ካልሠራሁ ልጆቼ አይበሉም። ለአንዱ ዙር የሁለት ዙር ከተከፈለኝ ግን እስከ በረካ እጠብቃለሁ።


ስደተኛዋ • ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 5:02

እኔ እከፍል ነበር። ማንም አልነገረኝም እንጂ።


ፈረሰኛው • ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3:00

ከእንጅባራ ነኝ። መምህር አራተኛውን ሣጥን ዘለልከው፤ እኔ ግን አላልፈውም። ለሦስተኛው ሣጥን ምን አስጨነቀህ? ጥር ወር ብቻውን ምን እንዳለው ልቁጠርልህ።

ጥር 11 ጥምቀት። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጥር 13 ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ፣ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ። ጥር 21 አስተርዮ ማርያም። ጥር 23 የእኛ ነው፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች። ማኅበሩ በ1932 የተመሠረተ ነው። ዓድዋ ላይ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ፣ ጊዮርጊስን ለማክበር የሚወጣ በዓል ነው። ሜዳው ላይ የሚወጣውን ፈረስ ቆጥረህ አትጨርሰውም። ጌጡ፣ መረሻቱ፣ ግልቢያው፣ ጉግሱ፣ የሽማግሌዎቹ ፉከራ። ማንም ትኬት አይቆርጥም። ፈረሱም ለጎብኚ አይደለም የሚጋልበው።

በመሐል የጥር ሠርግ አለ። በየመንደሩ ዳስ ነው። የመጣ እንግዳ ሳይጠራ ይገባል፣ ሳይበላ አይወጣም።

ችግሩ ሌላ ነው። ጥር 23 ሌሊት እንጅባራ ውስጥ አልጋ አይገኝም፤ አንዱን አልጋ ለሦስት ይከራዩታል። ጥር 25 ላይ ስትመጣ ሆቴሉ ራሱ ተኝቷል። የአራተኛው ሣጥን ነገር እንዲህ ነው፦ ወይ ጎርፍ ወይ ድርቅ። የመጣውን ሰው ሁለት ቀን አስቀድመው ዘንገናን ቢያሳዩት፣ ጥርባ ሐይቅ ቢወስዱት፣ ማታ ፈረሰኞቹ ዘንድ ቁጭ ብሎ ፈረሱ እንዴት እንደሚገራ ቢሰማ፣ አንድ ቀኑ አራት ቀን ይሆን ነበር።


አዲስ ተማሪ • ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3:25

የእኛስ እንግጫ? ጳጉሜን ላይ ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለን፣ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነን፣ ለእንቁጣጣሽ የምንዘፍነው። ከሴ አጨዳውም አለ። ማርቆስ አካባቢ በሰፊው ይከበራል። እሱን የሚጠራው የለም፤ ሁሉ ሰው ሻደይና አሸንድዬ ነው የሚያውቀው።

(መምህር፣ ዲዝኒላንድ ያልኩት እኔ ነኝ 🙈 እዚህ እንዳሉ አላወቅሁም ነበር። ቀድሞም «ጎበዝ» ብለው እንደ ወንድ ጠርተውኛል።)


መንቆረር • ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4:10

ይቅርታ የኔ ልጅ። ጎበዝ ግን ጎበዝ ነው፤ አልመልሰውም። እንግጫን ነገ ክፍል ውስጥ አንቺ ታስረጃለሽ።

ፈረሰኛው ሰከላን ስላነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነው። ግሽ ዓባይን ያየ ያውቃል፤ ምንጩ ትንሽ ነው፣ ረግረግ መሬት ላይ። ሳይነግሩህ ብታልፍ አታየውም። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጀምስ ብሩስ በ1770 እዚያ ቆመው የዓለምን ምሥጢር ያገኙ መስሏቸው ተደሰቱ። የሰከላ ሰው ግን ለጠበሉ ነው የሚሄደው፤ የሚያውቀው ታሪክም አቡነ ዘርዓ ብሩክ ለወንዙ አደራ የሰጡትን መጻሕፍት «ግሥኢ» ብለው ሳይረጥቡ እንደ ተቀበሉት ነው፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። ውኃው አንድ፣ ሳቢው ሁለት።

ኒል ሌይፐር እ.ኤ.አ. በ1990 ያለውም ይህንኑ ነው። መስህብ የሚባለው ቦታው ብቻውን አይደለም፤ ሰው አለ፣ እምብርት የሆነው ነገር አለ፣ ስለ እሱ የሚነገረው ወሬ አለ። ሦስቱ ሲገናኙ ነው መስህብ የሚሆነው። የእንግጫ ችግሩ ወሬው ነው የጎደለው። የስደተኛዋ ልጅ «ይሄም ቤተ ክርስቲያን ነው?» ያለውም ወሬው ስላልደረሰው ነው፤ ሥዕሉማ ግድግዳው ላይ ነበረ።


ቀልደኛው ከቡሬ • ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4:30

እሽ አሁን ከቁም ነገር። ስዊድን የሚኖር የአጎቴ ልጅ ስለ አንድ ቦታ ነግሮኛል፤ ስካንሰን ይባላል፣ ስቶክሆልም ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1891 ነው የተከፈተው። ከመላው አገሪቱ የገበሬ ቤቶችን እየነቀሉ አምጥተው አንድ ኮረብታ ላይ ተከሉ። ውስጡ ሰው አለ፤ ዳቦ ይጋግራል፣ ይሸምናል። እኛ ይህን ለምን አንሠራም? ሳር ክዳን ቤት፣ የሸማኔ ጉድጓድ፣ ሸክላ፣ የጠላ ጋን፣ ደንገል ታንኳ የሚሠራ ሰው። ያው ሦስተኛው ሣጥን ማለት ነው።


ወለተ ዜጌ • ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4:52

እነሱ እኮ ቤቱ ሊጠፋባቸው ሲል ነው ያሰባሰቡት። እኛ ገና እየኖርንበት ነው። የእኔን ቤት ነቅለህ ባሕር ዳር ብትተክለው እኔ የት ልደር?


ቀልደኛው ከቡሬ • ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4:55

😂 ተሸነፍኩ


የማሲንቆ ቤት • ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6:15

እኔ ግን ቀልደኛውን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ቤቱ ይቅር፣ ሰዓቱ ይታወቅ። እንግዳ ስንት ሰዓት ቢመጣ ማን ዘንድ ምን እንደሚያገኝ የሚያውቅ የለም። ሸማኔው አለ፣ ታንኳ ሠሪው አለ፣ ባለ ቡናዋ አለች፣ እኔ አለሁ። የሚያገናኘን ገመድ ነው የሌለው። ሕንፃ የሚሠራ ሰው ደግሞ ጎብኚ ኖረም አልኖረም ዘበኛውን፣ መብራቱን፣ ዕዳውን ይከፍላል። ሰሞኑን እንዳየነው መንገዱ ሲዘጋ ጎብኚው ብርቅ ይሆናል። እኔ እንግዳ ሲጠፋ ለሠፈሬ ሰው እዘፍናለሁ፤ ወለተ ዜጌ ቡናዋን ገበያ ታወጣለች። ዋተር ፓርኩ ምን ይሆናል?


ዲያቆን ከዲማ • ኅዳር 10፣ ከቀኑ 9:40

በዚህስ እስማማለሁ። እንግዳ መቀበል ነውር አይደለም፤ አብርሃምም ተቀብሏል። ለየኔታም ነግሬያቸው ነበር። «ቅኔ እንዝረፍለት አይበለን እንጂ፣ ቁጭ ብሎ ሊሰማ የመጣ ይምጣ፤ ጉባኤው ክፍት ነው» ብለዋል።


አወያይ • ኅዳር 10፣ ከቀኑ 10:05

ክሩ ደስ ይላል። የነዳጅ ዋጋንና የጥቁር ገበያን ነገር ለሌላ ክፍል ተዉት እባካችሁ፤ ሁለት መልእክት አንሥቻለሁ።


መንቆረር • ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:20

ዛሬ አስተማርኩ። ሠንጠረዡን ሰሌዳው ላይ ሣልሁና ሦስተኛውን ሣጥን ባዶ ተውኩት። «ማታ እንግዳውን የት ትወስዱታላችሁ?» አልኳቸው። የእንግጫዋ ባለቤት ቀድማ እጇን አወጣች። ከዚያ ማን ያስቁማቸው! አንዱ የአያቱን ገበጣ አለ። አንዱ የአረቄ ቤታቸውን አለ፣ ሌላው «አንተ ቤት ዕዳ አለብኝ» አለው። አንዱ ሌሊት እየዞሩ የሚያዜሙትን ላሊበላዎች አነሣ። ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ በሕግ የሚገባ አንድም የለም፤ ሰሌዳው ግን ሞላ።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ልጆቹ ጣናን እንይ አሉ። አብዛኞቹ አይተውት አያውቁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ይዣቸው ልመጣ ነው። የጣና ጀልባ፣ ምን ትላለህ?


የጣና ጀልባ • ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:34

ስንት ናችሁ? ሴቱ ስንት ነው?


መንቆረር • ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:36

32 ነን። 19ኙ ሴቶች ናቸው።


የጣና ጀልባ • ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:41

እንግዲያው ክብራን ገብርኤልን ከሩቅ እናያለን፤ ሴት ስለማይገባ 19ኙን ጀልባ ላይ ትቼ 13ቱን አላወጣም። እንጦስ ኢየሱስ እንወርዳለን፣ ከዚያ ዜጌ። ሁለት ጀልባ ያስፈልጋል፤ የጓደኛዬን እጠራለሁ። ለተማሪ ዋጋ እሠራላችኋለሁ። ነጠላ አትርሱ።


ወለተ ዜጌ • ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:50

32 ሲኒ የለኝም፤ ከጎረቤት እዋሳለሁ። ግን የጣና ጀልባ፣ «ቶሎ» የምትለዋን ቃል ባሕር ዳር ትተሃት ና።


የጣና ጀልባ • ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:52

እስከ በረካ ብያለሁ አይደል። መምህር፣ ከጠዋቱ 12:30 ወደቡ ላይ። ነፋሱ ሳይነሣ።